ከደጅ የሚያድር ነገርና ክረምት፦ ስለ መጫወቻ መንኰራኵር፣ ስለ ሴባስቶፖልና ስለ ላሊበላ መጠለያዎች

መግቢያ

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት እዚህ ግባ የማይባል ሊመስል ይችላል። በተማርኩበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ለታናናሾቹ ልጆች ተብሎ ከባሕር ማዶ በስጦታ የመጣ አንድ መሽከርከሪያ ነበረ። ከመካከሉ የብረት ምሰሶ፣ በምሰሶው ዙሪያ ክብ ወለል፣ በወለሉም ላይ ቀለም የተቀቡ አራት የዕንጨት ፈረሶች ቆመውበታል። ልጆቹ እየገፉ ያስሮጡትና ዘለው ይቀመጡበታል። በመጣበት ዓመት ሲዞር ድምፁ እንኳ አይሰማም ነበር።

ክረምት ሲገባ፣ ዝናብ እንዳያገኘው በማሰብ፣ ከላይ እስከ ታች በላስቲክ ጠቅልለው በገመድ ጠፍረው አሰሩት። በመስከረም ሲገለጥ ግን ፈረሶቹ ሻግተው፣ ቀለማቸው እንደ ቅርፊት ተነሥቶ፣ ብረቱም ቀይ ዱቄት ለብሶ ተገኘ። በሚከተለው ክረምት ላስቲኩ ተቀዶ ስለ ነበረ መሽከርከሪያው እንዲሁ ራቁቱን ከረመ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ትንሽ ልጅ ተቀምጦበት ሳለ የፈረሱ ብሎን ተበጠሰና ልጁ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሽከርከሪያው በሰንሰለት ታሰረ፤ ዳግመኛም አልዞረም።

እኔን ያስደነቀኝ የመጀመሪያው ክረምት ነው። በሁለተኛው ክረምት ዝናቡ ስለ መታው ተበላሸ ቢባል ነገሩ ግልጽ ነው። በመጀመሪያው ግን አንዲት ጠብታ ከሰማይ አላገኘችውም። ታዲያ የተሸፈነ ነገር እንዴት በመሸፈኑ ይበሰብሳል? ይህን ጥያቄ ይዤ ስከታተል፣ ነገሩ ከልጆች መጫወቻ አልፎ በአገራችን ውስጥ ከደጅ የሚያድሩትን ታላላቅ ቅርሶች ሁሉ የሚነካ ሆኖ አገኘሁት። ከዚህ በታች የልጆችን ፈረስ፣ የንጉሥን መድፍና የእግዚአብሔርን ቤት በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሳነሣ፣ ቅዱሱን ከጨዋታው ጋር ለማስተካከል አለመሆኑን አንባብያን እንዲረዱልኝ እለምናለሁ። ክብራቸው የተለያየ ነው፤ የሚወርድባቸው ዝናብ ግን አንድ ነው።

ሀ. ስለ አገሩ አየር

የተወለድኩበት የእብናት ወረዳ በደቡብ ጎንደር፣ ከደብረ ታቦር በስተሰሜን፣ በደጋውና ወደ በለሳ በሚወርደው ቆላ መካከል ይገኛል። ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ ቆሟል። የዚህ አገር ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ከዚያ በኋላ ረጅም በጋ ይመጣል፤ ቀን ፀሐዩ ይፋጃል፣ ሌሊት ብርዱ ይበረታል።

ከደጅ ለሚያድር ነገር ይህ ዐይነቱ አየር ሁለት ጊዜ ጠላት ነው። ዓመቱን ሙሉ እርጥብ በሆነ አገር ዕንጨቱ እንዳበጠ ይኖራል፤ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ በሆነ አገርም እንደ ደረቀ ይኖራል። በእኛ አገር ግን ሦስት ወር ጠጥቶ ያብጣል፣ ስምንት ወር ደርቆ ይሸበሸባል። በየዓመቱ ይህ መፈራረቅ ይደጋገማል። ስንጥቅ የሚወለደው ከእርጥበቱ ብቻ ወይም ከድርቀቱ ብቻ ሳይሆን ከመፈራረቁ ነው። በበጋ የተወለደውንም ስንጥቅ በሚከተለው ክረምት ውኃ መግቢያ በር ያደርገዋል።

ለ. ውኃ በዕንጨት፣ በብረት፣ በነሐስና በድንጋይ ላይ የሚሠራው ሥራ

ዕንጨት። ዕንጨት በውኃ ብቻ አይበሰብስም። የሚያበሰብሰው በዕንጨቱ ውስጥ የሚበቅል ሻጋታ መሰል ነፍስ ያለው ነገር ነው። ይህም ለመብቀል እርጥበት፣ አየርና መጠነኛ ሙቀት ይፈልጋል። በዕንጨቱ ውስጥ ያለው ውኃ ከደረቁ ዕንጨት ክብደት ከመቶ 20 ያህል በታች ከሆነ ሊበቅል አይችልም። ስለዚህ ዝናብ መትቶት ወዲያው የሚደርቅ ዕንጨት ብዙ ዘመን ይኖራል፤ ጥቂት ረጥቦ መድረቂያ ያጣ ዕንጨት ግን ፈጥኖ ይጠፋል። የአጥር ግንድ አናቱና ሥሩ ደኅና ሆኖ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት በኩል የሚቈረጠው በዚህ ምክንያት ነው። እርጥበትም አየርም አብረው የሚገኙት በዚያ ላይ ነውና።

ብረት። ብረት የሚዝገው ውኃና አየር በአንድነት ሲያገኙት ነው። ጠብታ ውኃ እንኳ አያስፈልግም፤ የአየሩ እርጥበት ከፍ ካለ ዐይን የማያየው ስስ ውኃ በብረቱ ላይ ይለብሳል። ዝገቱ ደግሞ ከተነሣበት ብረት ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ የሚደርስ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በተጣበበ ሥፍራ፣ ለምሳሌ በብሎንና በዳዶ መካከል፣ ዝገት ሲገባ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ይፈለቅቃል። የብሎኑ ራስ ከውጭ ሲታይ ደኅና ይመስላል፤ አንገቱ ግን ከውስጥ ተበልቷል። በትምህርት ቤታችን የሆነው ይኸው ነው።

ነሐስ። ነሐስ ከብረት የተለየ ጠባይ አለው። በአየር ላይ ሲቆይ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ልብስ ያወጣል። ይህ ልብስ ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ ከሥሩ ያለውን ነሐስ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ያረጀ ነሐስ አረንጓዴ ሆነ ብሎ በአሸዋ የሚፈገፍገው ሰው የሚጠቅም መስሎት ጋሻውን ያስወልቀዋል። ነሐስን የሚያስፈራው ጨው ያለበት አፈርና ውኃ በላዩ ሲቋጠር ነው።

ድንጋይ። ድንጋይ ሁሉ አንድ አይደለም። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቀዳዳ የበዛበት ለስላሳ ድንጋይ ውኃን እንደ ሰፍነግ ይጠጣል። በውስጡ የሸክላ ጠባይ ያለው አፈር ካለበት ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በውኃው ውስጥ የሟሟ ጨውም ውኃው ሲተን በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ይረጋና ድንጋዩን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ከዚህም የተነሣ የድንጋዩ ፊት እንደ ቅርፊት ይላጣል።

እነዚህን አራቱን ስናስተያይ አንድ ሕግ እናገኛለን። ይኸውም ነገርን የሚያጠፋው ውኃ መምጣቱ ሳይሆን ውኃ መቀመጡ ነው። የላስቲኩም ምሥጢር እዚህ ላይ ይገለጣል። ቀን ቀን ከረጠበው መሬት የሚነሣው እንፋሎት በላስቲኩ ውስጥ ይታጠራል። ሌሊት አየሩ ሲበርድ እንፋሎቱ በላስቲኩ ሆድና በብረቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። በማግሥቱም መውጫ ስለሌለው ያው ይደገማል። እንግዲህ መሽከርከሪያው ዝናብ ያልነካው ቢሆንም በየሌሊቱ ከውስጥ ይዘንብበት ነበር ማለት ነው።

ሐ. የሣር ቤት ትምህርት

ይህን ሕግ ወላጆቻችን በመጽሐፍ ባይጽፉትም በቤት ሥራቸው ያውቁታል። በእብናት የሣር ቤት ሲሠራ ክዳኑ ሾጠጥ ተደርጎ ይነሣል፤ ውኃው ቶሎ እንዲወርድ ነው። የክዳኑ ጠርዝ ከግድግዳው አልፎ እንዲወጣ ይደረጋል፤ የሚወርደው ውኃ ጭቃውን እንዳይመታ ነው። በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቆፈራል፤ የወረደው ውኃ ከመሠረቱ ሥር እንዳይተኛ ነው። ምሰሶውና ማገሩ፣ ከተገኘ፣ ከጥድ ወይም ከወይራ ይሆናል፤ እነዚህ ምስጥ በቀላሉ የማይደፍራቸው ዕንጨቶች ናቸውና። በቤቱ ውስጥ የሚነደው እሳት ጢስም በሣሩ መካከል እያለፈ ይወጣል፤ ሲያልፍም ሣሩን ያደርቃል፣ ተባዩን ያሳድዳል። ሰው የማይኖርበት የሣር ቤት ፈጥኖ የሚፈርሰው ከምክንያቶቹ አንዱ እሳት ስለማይነድበት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። አያቴ ሰኔ ከመግባቱ አስቀድሞ ቤቱን እየዞሩ ይመረምሩ ነበር። ጐድጐድ ያለውን ሣር አውጥተው በአዲስ ይተኩታል፣ ቦዩን ይጠርጋሉ፣ የማገሩን እግር በመጥረቢያ ጀርባ እየመቱ ድምፁን ያዳምጣሉ። «ጋሽዬ፣ ምን ይሰማዎታል?» ብዬ ብጠይቃቸው «ደኅናው ይጮኻል፣ የተበላው ዝም ይላል» ብለው መለሱልኝ። ይህን የመሰለ የዓመት ምርመራ ባይኖር ኖሮ የክዳኑ ጥበብ ብቻውን ቤቱን ባላቆመውም ነበር።

ዛሬ በአገራችን ብዙ ቤትና ብዙ ቤተ ክርስቲያን የቆርቆሮ ክዳን ለብሷል። ቆርቆሮ በየጥቂት ዓመቱ ሣር ከመፈለግ ያሳርፋል፤ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ነገር ግን ቆርቆሮ አይተነፍስም። ሌሊት ሲበርድ ከሥሩ ጤዛ ይይዛል፤ ምስማሩ በላላበትም ቀዳዳ ውኃ በቀጭኑ እየገባ በቅድስቱና በመቅደሱ ግድግዳ ሥዕል ላይ ይወርዳል። ሣሩ ሲያፈስስ ሁሉ ስለሚያየው ወዲያው ይጠገናል። የቆርቆሮ ማፍሰስ ግን ሥዕሉ እስኪጠፋ ድረስ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ ጽኑ ክዳን ሰውን ከምርመራ የሚያሰንፍ ከሆነ ጥቅሙ ይጎድላል ማለት ነው።

መ. በሌላው ዓለም የሚገኙ ያረጁ መጫወቻዎች

የመጫወቻ መንኰራኵሮችን ጠብቆ ማቆየት በአውሮፓና በአሜሪካ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ሦስት ምሳሌዎችን ብቻ አነሣለሁ።

አንደኛው በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ያለው ታላቁ መንኰራኵር ነው። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ በእኛ አገር የዐድዋ ጦርነት በተደረገ በዓመቱ ማለት ነው። ቁመቱ ወደ 65 ሜትር ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ1944 በጦርነቱ ጊዜ ተቃጥሎ እ.ኤ.አ. በ1947 እንደ ገና ሲቆም፣ ቀድሞ ከነበሩት 30 ሣጥኖች 15ቱ ብቻ ተመለሱ፤ ሸክሙን ለማቅለል ነው። ይህን የሚያህል ነገር በቤት ውስጥ ማስገባት አይቻልም። ስለዚህ መጠለያው ቀለሙ ነው። በፓሪስ ያለው የኤፌል ግንብም እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1889 ከተከፈተ ጀምሮ በሰባት ዓመት አንድ ጊዜ ያህል እንደ ገና ይቀባል፣ ለአንድ ጊዜ ቅብም 60 ቶን ያህል ቀለም ይፈጃል። ሃያ ዓመት ብቻ ይቆማል ተብሎ የተሠራ ግንብ መቶ ሠላሳ ዓመት ያለፈው በቀለምና በብሩሽ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ሁለተኛው በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት በኦክ ብላፍስ ከተማ የሚገኘው «የሚበርሩ ፈረሶች» የሚባለው መሽከርከሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1884 ወደዚያች ከተማ ተዛወረ። ፈረሶቹ የዕንጨት ናቸው፤ የሚኖሩትም በቤት ውስጥ ነው። ዕንጨትና ቀለም ዝናብንና ፀሐይን አብረው ሊችሉ ስለማይችሉ ለእንዲህ ያለው ዕቃ ግድግዳና ክዳን ያለው ቤት ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1922 የተሠራ ሌላ መሽከርከሪያም የነበረበት የኦሃዮ መዝናኛ ሥፍራ ከተዘጋ በኋላ ተገዝቶ ለብዙ ዓመታት ታደሰ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2011 በኒው ዮርክ በብሩክሊን ወንዝ ዳር ዣን ኑቬል የተባለው ፈረንሳዊ አርክቴክት በሠራለት የመስተዋት ቤት ውስጥ ቆመ። በዓመቱ በጥቅምት ወር 2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል በመጣ ጊዜ የወንዙ ውኃ ሞልቶ ያንን የመስተዋት ቤት ከበበው። ከሰማይ የሚመጣውን ለመከልከል የተሠራ ቤት ከምድር የሚመጣውንም ማሰብ እንዳለበት ይህ ምስክር ነው።

ሦስተኛው በፔንሲልቬንያ በአልቱና የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1902 የተሠራ የዕንጨት የመንሸራተቻ ሐዲድ ነው። በዓለም ላይ ካሉት የዚህ ዐይነት መጫወቻዎች ሁሉ ጥንታዊው እንደ ሆነ ይነገርለታል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሥራውን አቆመ፤ እንደ ገና የተከፈተው ከብዙ ጥገና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የዚህ ምሳሌነቱ የሚሠራ ዕቃ ከማይሠራ ዕቃ ይልቅ ዕድሜ እንዳለው ማሳየቱ ነው። በየቀኑ የሚዞር መንኰራኵር በየቀኑ ይታያል። ኩሽኔታው ሲጮኽ ግሪስ ይቀባል፣ ብሎኑ ሲላላ ይጠብቃል፣ ጣውላው ሲበሰብስ ይለወጣል። የቆመ ነገር ግን ጠያቂ የለውም።

የመጫወቻ ሥፍራ ሠራተኞች ለክረምት ሲዘጋጁ የሚያደርጉት ከዚህ የተነሣ የተወሰነ ሥርዓት አለው። መንቀል የሚቻለውን ፈረስና መቀመጫ ነቅለው ወደ ደረቅ ቤት ያስገባሉ። ከብረቱ ላይ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባሉ። ኩሽኔታውን አሮጌውን ግሪስ አውጥተው በአዲስ ይሞላሉ፤ ግሪሱ የሚያለሰልስ ብቻ ሳይሆን ውኃ የሚከለክልም ነውና። መነቀል የማይችለውን ደግሞ በላስቲክ ሳይሆን አየር በሚያስገባ ሸራ ይሸፍናሉ፤ ሸራውንም ከዕቃው ላይ ሳይጣበቅ ከፍ አድርገው በጣራ አምሳል ይወጥሩታል፤ ከታች በኩል ነፋስ እንዲያልፍ ክፍት ይተዉታል። የእኛ ትምህርት ቤት ሰዎች የተሳሳቱት በመሸፈናቸው ሳይሆን በማፈናቸው ነበር።

ሠ. ሴባስቶፖል

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የሚባል ሥፍራ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡትን የሚስዮን ሠራተኞች ከአገሩ ባለ እጆች ጋር በዚያ አስቀምጠው መድፍ ያሠሩ ነበር፤ ከነዚህም መካከል ስሙ የታወቀው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 ከተሠሩት መድፎች ታላቁ ሴባስቶፖል ተባለ፤ ክብደቱም 7 ቶን ያህል ነው። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ መንገድ እያስቆፈሩና ገደል እያስደለደሉ፣ መድፉን በሰው ጉልበት በሠረገላ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ገሠገሡ። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ።

ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ ከደጅ ይገኛል፤ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ምሳሌው ነው። ከመቶ ሃምሳ የሚበልጥ ክረምት ያለ ጣራ አሳልፏል። ያቆየው ነሐስነቱ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለውን የራሱን ልብስ ለብሷልና። የተጎተተበት ሠረገላ ግን አብሮት አልቆየም። ዕንጨቱ ሄደ፣ ነሐሱ ቀረ። መንገዱን የጎተቱትን ሰዎች ጥበብ ለሚያጠና ተማሪ ግን ከመድፉ ያላነሰ የሚያስፈልገው ያ ሠረገላ ነበር፤ መንኰራኵሩ ምን ያህል ስፋት ነበረው? መዘውሩስ በምን ታሰረ? ይህን የሚመልስልን ዕቃ የለንም። ከደጅ የተተወ ነገር ሲጠፋ ሁሉም በአንድነት አይጠፋም፤ ክፉው ነገር ግማሹ ብቻ ቀርቶ ሙሉ መስሎ መታየቱ ነው።

ረ. የላሊበላ መጠለያዎች

የዚህ ጥናት ዋና ነገር ያለው በላሊበላ ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በንጉሥ ላሊበላ ስም የሚጠሩት 11 አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ዐለት ተፈልፍለው የተሠሩ መሆናቸውን ሁሉ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከተጻፉት ከመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች አንዱ ላሊበላ ነው። ዐለቱ ከእሳተ ገሞራ የወጣ፣ ቀላና ለስላሳ ነው። ለመፈልፈል የተመቸ በመሆኑ ጥበቡን አስቻለ፤ ውኃ የሚጠጣ በመሆኑ ደግሞ ጥበቡን ለአደጋ አጋለጠ።

የጥንቶቹ ሠሪዎች ይህን ያውቁ እንደ ነበር ሥራቸው ይመሰክራል። ከቤተ መቅደሶቹ ጋር የዝናቡ መውጫ ቦይ አብሮ ተፈልፍሏል፤ የግቢዎቹም ወለል ውኃው እንዲወርድ ዘንበል ተደርጓል። ዘመናት ሲያልፉ ግን ቦዩ በአፈር ይሞላል፣ ጣሪያው ይሰነጠቃል፣ ውኃውም መውጫ ሲያጣ በግድግዳው ይጠጣል።

በእኛ ዘመን የተደረገውን ጥገና በተራ ብናየው የሚያስተምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ውኃ እንዳይገባ ተብሎ ሬንጅና ቀይ ቀለም በአንዳንዶቹ ላይ ተቀባ። ይህ ከላይ ስለ ላስቲኩ የተናገርነውን ይመስላል፤ ከውጭ የሚመጣውን ውኃ ይከለክላል፣ ከውስጥ ያለው ግን መተንፈሻ ያጣል። ከ1966 ጀምሮ ኢጣልያዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ዋና መሥሪያ ቤቱ በኒው ዮርክ ባለው የቅርሶች መርጃ ድርጅት ድጋፍ በላሊበላ ሲሠራ ከተግባሮቹ አንዱ ያንን ሬንጅና ቀለም ማንሣት ነበረ። ቀጥሎ በነበሩት ዘመናት በዕንጨትና በቆርቆሮ የተሠሩ ጊዜያዊ መጠለያዎች በአንዳንዶቹ ላይ ቆሙ።

በመጨረሻም በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ዓለም አቀፍ የንድፍ ውድድር ተደርጎ፣ አንድ የኢጣልያ ድርጅት አሸንፎ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2008 ድረስ አራት ታላላቅ መጠለያዎች ተተከሉ። እነርሱም ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምን ከቤተ መስቀል ጋር፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን ይሸፍናሉ። ረዣዥም የብረት ምሰሶዎች በላያቸው የተወጠረ ነጭ ሸራ መሰል ጣራ ተሸክመዋል። ሥራቸው ዝናቡን ከጣሪያው ላይ መከልከል ነው፤ ይህንንም አድርገዋል። ነፋስም ከሥራቸው ያልፋል፤ ስለዚህ እንደ ላስቲክ አያፍኑም።

ታዲያ ሰዉ ለምን ተከፋ? እ.ኤ.አ. በ2018 የላሊበላ ሕዝብ መጠለያዎቹ ይነሡልን ብሎ ሰልፍ ወጥቷል። ቅሬታውን በሦስት መክፈል ይቻላል። አንደኛው የክብደትና የነፋስ ሥጋት ነው፤ ከባድ ብረት በዐለቱ አጠገብ ቆሟል፤ ቢወድቅ የሚወድቀው በቤተ መቅደሱ ላይ ነው፣ ነፋስ ሲመታውም ምሰሶው የሚይዘውን መሬት ያነቃንቃል። ሁለተኛው የድርቀት ሥጋት ነው፤ ስምንት መቶ ዓመት ክረምት ሲያገኘው የኖረ ዐለት በድንገት ደርቆ ሲቀር ይሰነጠቃል የሚል ነው። ሦስተኛው የጊዜ ነገር ነው፤ መጠለያዎቹ የተተከሉት ለጊዜው ተብሎ ነበር፤ ጊዜው ግን አልፎ ሄደ። በመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኤማኑኤል ማክሮን ላሊበላን ጎብኝተው መንግሥታቸው በጥበቃው እንዲተባበር ቃል ገብተዋል።

በእኔ አስተያየት ከሦስቱ የሚከብደው ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያውን መሐንዲስ ለክቶ ይመልሳል፤ ሁለተኛውን የድንጋይ ሊቅ ዓመት ከዓመት እየመዘገበ ይመልሳል። ሦስተኛው ግን የሰው ጠባይ ነው። መጠለያ የተተከለው ዐለቱ ከዝናብ አርፎ እስኪጠገን ድረስ ነበር። ጥገናው ሳይፈጸም መጠለያው ብቻ ከቆመ፣ ጃንጥላ ለበሽተኛ ይዞ ሐኪም እንደ መርሳት ነው።

በሌላ በኩል ያለ መጠለያ ምን ማድረግ እንደሚቻል የሚያሳይ ሥራም በዚያው በላሊበላ አለ። በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ጣሪያው ላይ ያለው ስንጥቅ ተሞልቶ፣ የቀድሞው ክፉ ጥገና ተነሥቶ፣ ውኃው እንዲወርድ ተደርጎ በ2016 እ.ኤ.አ. ተፈጽሟል፤ በሥራውም የአገሩ ባለሙያዎች ሠልጥነውበታል። ያለ መጠለያ የቆመው ቤተ ጊዮርጊስም እስከ ዛሬ ከሁሉ ይልቅ ደኅና ነው፤ ዐለቱ ጽኑ መሆኑና የጣሪያው ውኃ መውረጃ መሥራቱ ረድተውታል። ከዚህ የምንረዳው መጠለያ አይጠቅምም ማለት አይደለም። በጣም የተጎዳው ቤተ መቅደስ እስኪጠገን ድረስ ከዝናብ መጠለል አለበት። ነገር ግን መጠለያ የጥገና አገልጋይ እንጂ ምትክ አይደለም።

ሰ. መደምደሚያ

እስካሁን የተባለውን በአጭሩ ልሰብስበው። አንደኛ፣ ውኃ እንዳይመጣ ከመከልከል በፊት ውኃ እንዳይቀመጥ መንገድ ማበጀት ይቀድማል፤ ቦይ ከጣራ ይቀድማል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ መሸፈን ሌላ ማፈን ሌላ ነው፤ የሚተነፍስ ነገር ሁሉ መተንፈሻ ይተውለት። ሦስተኛ፣ ዕንጨት፣ ብረት፣ ነሐስና ድንጋይ አንድ መድኃኒት የላቸውም፤ ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው መርዝ ሊሆን ይችላል። አራተኛ፣ ጊዜያዊ የተባለ ነገር ሲተከል የሚነሣበት ቀንና የሚያነሣው ሰው አብረው ይጻፉ። አምስተኛ፣ ከክዳን ሁሉ የሚበልጠው ክዳን በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ዞሮ የሚያይ ዐይንና የሚያዳምጥ ጆሮ ነው።

ይህ የመጨረሻው ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። በየአውራጃው ያሉ ወጣት ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ አገራቸው ሲመለሱ የደብራቸውን ክዳን፣ የቦዩን ሁኔታ፣ የሥዕሉን እርጥበት በደብተር ጽፈው በየዓመቱ ቢያስተያዩት፣ ከሩቅ የሚመጣው ባለሙያ ሥራውን ሲጀምር ከባዶ አይጀምርም። የላሊበላንም ክርክር ሊፈርድ የሚችለው እንዲህ ያለ የዓመታት መዝገብ ነው።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤቴን በጎበኘሁ ጊዜ መሽከርከሪያው በሰንሰለቱ እንደ ታሰረ ነበረ። ላስቲኩን ፈጽመን አነሣን። ፈረሶቹን ነቅለን ወደ ዕቃ ቤት አስገባን፤ ከአራቱ ሁለቱ ውስጣቸው ደኅና ነው፣ ሲመቱ ይጮኻሉ። ከብሎኖቹ አንዱን በመፍቻ ልፈታው ብሞክር በእጄ ላይ ተሰበረ። ስለዚህ የቀሩትን ብሎኖች ሁሉ ሳንቆጥብ በአዲስ እስክንለውጥ ድረስ ማንም ልጅ እንዳይቀመጥበት ተስማማን፤ ሰንሰለቱንም አልፈታነውም።